ወደ ሰርቨር ሲገቡ የሚጠየቅ ኮድ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው፤ ሊኑክስ ሰርቨር ከመክፈቱ በፊት ስልካችን ላይ ያለውን ባለ 6 አሃዝ ኮድ እንዲጠይቅ ስለማድረግ።

ኡቡንቱ ሊኑክስ ላይ የጎግል ኦተንቲኬተርን (ኮዱን የሚሰጠውን የስልክ አፕ) ሞጁል ጫንኩ፤ ኪውአር ኮዱንም ስካን አደረግኩ። ስገባ ግን ኮድ አይጠይቀኝም። ምን ጎደለ?

መጫኑ ብቻውን ምንም አይለውጥም። ኤስኤስኤች ከሩቅ ሆነህ ወደ ሰርቨሩ የምትገባበት መንገድ ነው፤ ፓም ደግሞ የሚገባውን ሰው ማንነት የሚያጣራው የሊኑክስ ክፍል። የኤስኤስኤች የፓም ፋይል ውስጥ ሞጁሉን መጥራት አለብህ። በፓስወርድ ሳይሆን በኤስኤስኤች ቁልፍ (ኮምፒውተርህ ላይ በተቀመጠ የሚስጥር ፋይል) የምትገባ ከሆነ ደግሞ፣ ቁልፉ ልክ እስከሆነ ድረስ ኮድ ሳይጠይቅ ያስገባሃል። ስለዚህ የኤስኤስኤች ኮንፊገሬሽን (የቅንብር ፋይል) ላይ ቁልፍም ኮድም እንደሚያስፈልግ ለይተህ ጻፍ።

አንድ ነገር አደራ። የኤስኤስኤች ሰርቪሱን ሪስታርት ስታደርግ የገባህበትን ተርሚናል እንዳትዘጋው! ሌላ ተርሚናል ከፍተህ ሞክር። እምቢ ካለህ በመጀመሪያው ታስተካክለዋለህ። ከዘጋኸው ግን ደጅ ቀረህ ማለት ነው።

ስልኬን የምጠቀመው በሐበሻ ሰዓት ነው። ኮዱን እያየሁ ባስገባም አይቀበለኝም።

ይሄ የእኛ አገር ጉዳይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ። ኮዱ የሚሰላው ኪውአር ኮዱን ስካን ስታደርጊ ስልክሽ ላይ ከገባው ሚስጥር ቁልፍና ከሰዓቱ ነው፤ በየ30 ሰከንዱ ይቀየራል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ስልክሽን በእጅሽ 3፡00 ብለሽ ስትሞዪው፣ ስልኩ ገና ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይመስለዋል። ከሰርቨሩ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ኮዳቸው በምን ይገጥማል?

ሰዓቱን አውቶማቲክ አድርጊው። የሐበሻ ሰዓት የግድ ካስፈለገሽ ሰዓቱን ሳይሆን ታይም ዞኑን ቀይሪ። ቦነስ አይረስን ብትመርጪ ከአዲስ አበባ ልክ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ስሌቱ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት) ስለሚሠራ የዞን ለውጥ ኮዱን አይነካውም። የሰርቨሩም ሰዓት ትክክል መሆኑን እይ።

ዳታ ሲጠፋ ኮዱ ይመጣል?

አዎ። ስልኩ ራሱ ነው የሚያሰላው፤ ኔትወርክ አይፈልግም።

ስልኬ ቢሰረቅስ?

ሞጁሉን መጀመሪያ ስታዘጋጅ ባለ 8 አሃዝ የሆኑ 5 የመጠባበቂያ ኮዶች ያሳይሃል። ብዙ ሰው ሳያያቸው ያልፋል። እያንዳንዱ የሚሠራው አንዴ ብቻ ነው። ወረቀት ላይ ጽፈህ ቤት አስቀምጣቸው። እዚያው ስልክ ላይ ስክሪንሾት ማድረግ አይጠቅምህም፤ ከስልኩ ጋር አብሮ ይሄዳልና። ኮዶቹ ከሌሉህ የሚቀርህ ሰርቨሩን ባከራየህ ድርጅት ኮንሶል (ያለ ኤስኤስኤች ሰርቨሩን የምታዝበት ገጽ) በኩል መግባት ነው፤ እሱም ካለ።