ታብሌቱ ይቆይ፣ መጀመሪያ እንጨት ትከሉ

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ታክሲ ውስጥ አንዲት ወጣት «ቲቸር!» ብላ ጠራችኝ። ዞር ብዬ ሳያት አምስተኛ ክፍል ያስተማርኳት ልጅ ናት። አሁን እሷም የስድስት ዓመት ልጅ እናት ሆናለች። ሰላምታውን ሳንጨርስ «ቲቸር፣ ለልጄ የትኛውን ታብሌት ብገዛላት ይሻላል?» አለችኝ። ወራጅ ነበርኩና ሳልመልስላት ወረድኩ። ይህን የምጽፈው ለእሷ ነው። እግረ መንገዴን ለእናንተም፣ አዲስ ወላጅ ለሆናችሁና ታናናሾቻችሁን ይዛችሁ ለምትውሉ።

ሳይንስ ያስተማርኩት 31 ዓመት ነው። ልጅ እንዴት እንደሚማር ቀረብ ብዬ ያየሁት ግን ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ከልጅ ልጄ ጋር ወጥ ቤት መዋል ስጀምር ነው። ሲናገሩት ያሳፍራል።

የበለጠ የሚያሳፍረኝን ልንገራችሁ። ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት «በቀትር ጥላ ይጠፋል» ብዬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ የኔ አልጠፋም። ትናንት በምሳ ሰዓት አይቼዋለሁ» አለ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም «ቁጭ በል» አልኩት። ቁጭ አለ። ከዚያ ቀን በኋላ እጁን ሲያወጣ አላስታውስም።

ልጁ ልክ ነበር። ወሩ ታኅሣሥ ነበር። በታኅሣሥ አዲስ አበባ ላይ አንድ ሜትር እንጨት ብታቆሙ፣ በቀትር 63 ሴንቲሜትር ገደማ ጥላ ይጥላል። ልጆቹን ይዤ ሜዳ ብወጣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

እንግዲህ እንጨት ትከሉ የምለው ለዚህ ነው። የመጥረጊያ እንጨት ይበቃል። ጣሳ ውስጥ አሸዋ ሞልታችሁ አቁሙት። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ከሆነ መኪና የማይቆምበት ጥግ ፈልጉ። እንጨቱ ቀጥ ማለቱን ለማየት ክር ላይ ጠጠር አስራችሁ አጠገቡ አንጠልጥሉ፤ ግንበኞች ቱንቢ የሚሉት ነው። ከዚያ የጥላውን ጫፍ ልጁ በጠመኔ ምልክት ያድርግ፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ በየግማሽ ሰዓቱ። ጥላው እያጠረ እያጠረ ይመጣና መልሶ መርዘም ይጀምራል። በጣም ያጠረበት ሰዓት የዚያ ቀን እውነተኛ ቀትር ነው። ልጁ ሰዓት ሲያይ ግን ልክ ስድስት ሰዓት አይደለም። ሰዓታችን የተቃኘው ከእኛ በስተምሥራቅ በሚያልፍ መስመር ስለሆነ ፀሐይዋ ትዘገይብናለች፤ በሚያዝያ መጀመሪያ 25 ደቂቃ ያህል።

ጉዱ ያለው ደግሞ እዚያው ሚያዝያ ላይ ነው። ሚያዝያ 5 አካባቢ ፀሐይ በአዲስ አበባ አናት ላይ ትሆናለች። እንጨቱ የራሱን ጥላ ረግጦ ይቆማል። እኔ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ነገር በዓመት እውነት የሚሆነው ያን ሰሞንና ነሐሴ 24 አካባቢ ብቻ ነው። በሁለቱ መሀል፣ ክረምቱን ይዞ፣ የቀትር ጥላችን ወደ ደቡብ ይወድቃል። ይህን ስነግራቸው ያላመኑኝ ስንት ምሩቃን አሉ መሰላችሁ! አትከራከሩ፣ ውጡና እዩ።

ውጭ አገር ዘመድ ካላችሁ ደግሞ ጨዋታው ይሰፋል። ዋሽንግተን ያለው የአክስት ልጅ በዚያው ቀን በእነሱ ቀትር አንድ ሜትር እንጨት ያቁም። የእሱ ጥላ 57 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል፤ የእኛው ዜሮ። በቪዲዮ ሲደውል እኛ ጋ መሽቷል፣ ይህም ራሱ ሌላ ጥያቄ ያመጣል። ኤራቶስቴንስ የሚባለው ግሪካዊ ከ2,200 ዓመት በፊት ግብፅ ውስጥ የአስዋንንና የእስክንድርያን ጥላ አነጻጽሮ የምድርን ዙሪያ ያሰላው በዚሁ ዘዴ ነው። ይህን ግን ለልጁ አስቀድማችሁ አትንገሩት። ጥላዎቹ ለምን እንደተለያዩ መጀመሪያ ራሱ ይጨነቅበት።

ወደ ወጥ ቤት እንግባ። ሁለት ባዶ ሃይላንድ አዘጋጁ። በሁለቱም ለብ ያለ ውሃና አንድ አንድ ማንኪያ የዳቦ እርሾ ጨምሩ። በአንዱ ብቻ አንድ ማንኪያ ስኳር። አፋቸው ላይ ፊኛ ግጠሙና ልጁን «የትኛው ይነፋል?» በሉት። የልጅ ልጄ «ስኳር የሌለው» አለች። ለምን ስላት «ስኳር ያለው ጠግቦ ይተኛል» አለችኝ። ለማረም አፌን ከፍቼ ነበር፤ እንደምንም ዘጋሁት። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ስኳር ያለው ፊኛ ቀና ማለት ሲጀምር ዝም ብላ አየችው። «በልቶ ነው የሚተነፍሰው!» አለች ከዚያ። እኔ ለስምንተኛ ክፍል ስለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አንድ ሰሌዳ ሙሉ ጽፌ ያላስረዳሁትን ነገር።

በማግስቱ እንጀራ ስጋግር ምጣዱ አጠገብ ወንበር ላይ ቆማ ነበር (ምጣዱን አትነካም፣ እሳት የትልቅ ሰው ነው)። አይኑ ፍጥጥ ፍጥጥ ሲል «እዚህም ውስጥ የሚተነፍስ አለ?» አለችኝ። አለ። ሊጡ ላይ ያቀረረውን እርሾ አሳየኋት፣ አሸተተችው፣ አፍንጫዋን ያዘች። አሁን አብሲት በጣልኩ ቁጥር ልየው ትለኛለች።

ፈንድሻም ጥሩ ነው። እያንዳንዱ ፍሬ ውስጥ ትንሽ ውሃ አለ፤ ሲግል እንፋሎት ሆኖ መውጫ ያጣና ልጣጩን ይበጥሰዋል። ፍሬው ከመፈንዳቱ በፊት ልጁ ጥቂት ቆጥሮ ይስጣችሁ፣ በኋላ ያልፈነዳውን ይቁጠር። ከዚያ ይበላል።

ገበጣን ሳላነሳ ባልፍ አባቴ ይቀየመኛል። እሱ ያስተማረኝ መሬት ቆፍሮ ነበር። እናንተ ሠላሳ እንቁላል የሚይዘውን ካርቶን ውሰዱ። አምስት በስድስት ነው። ሁለት ረድፍ ቆርጣችሁ ስታወጡ አሥራ ሁለት ጉድጓድ ያለው ገበጣ አገኛችሁ፤ በየጉድጓዱ አራት አራት ባቄላ፣ በድምሩ 48። የቀረው ሦስት ረድፍም አይጣልም፤ በሦስት ረድፍ የሚጫወቱ አሉና። ቁጥር የሚፈራ ልጅ እዚህ ላይ አያቱን ለመብላት ሲል አምስት እርምጃ ቀድሞ ሲያሰላ ታዩታላችሁ። እኔ ሁለት ጊዜ ተበልቻለሁ፣ ሆን ብዬም አይደለም።

ጊዜ የለንም እንደምትሉ አውቃለሁ። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ደክሟችሁ ትገባላችሁ። ታዲያ ሁሉንም ማን አድርጉ አላችሁ? ቅዳሜ አንዷን። አባቶችም ወጥ ቤት ግቡ፣ ወንበሩ ለሁላችንም ይበቃል። ቤቱ ይቆሽሻል። እኔ በገዛ ልጄ ላይ ዱቄት ደፋ ብዬ ጮኼበት፣ ሁለተኛ አጠገቤ አልደረሰም፤ ለልጅ ልጄ ግን ላስቲክ አነጥፋለሁ። መጥረጊያውን ራሷ ትይዛለች።

አንድ የማልወደው ነገር አለ። እንግዳ ሲመጣ «ነይ፣ ስለ እርሾው ንገሪያቸው» ማለት። ጨዋታውን ፈተና ታደርጉባታላችሁ። ራሷ ማውራት ካማራት ማንም አያስቆማትም። የማታውቁትን ስትጠይቃችሁ ደግሞ «አላውቅም፣ ነይ እንየው» በሉ። ይቺን ቃል ያን ጊዜ ክፍል ውስጥ ብላት ኖሮ!

አንቺ የታክሲዋ ልጄ፣ ሚያዝያ 5 ሰማዩ ከደመነብሽ አትዘኚ። በማግስቱም በሠልስቱም ይሠራል፣ ልዩነቱ ለዓይን አይታወቅም። ጠመኔ ካጣሽ ከሰል ይሆናል።