ልጄ በስሌድ ካልተንሸራተትኩ ብሎ አስጨነቀኝ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ሚኒሶታ ነው የምንኖረው። የ7 ዓመቱ ልጄ ጓደኞቹ ቅዳሜ ቅዳሜ በረዶ ላይ በስሌድ (ቁጭ ብለው ዳገት በሚወርዱበት መንሸራተቻ) ስለሚንሸራተቱ እኔም ካልሄድኩ ብሎ ይነዘንዘኛል፣ የ4 ዓመቷ እህቱም ተከትላው ታለቅሳለች። እኔ ያደግኩት አዳማ ነው፣ ስለዚ ነገር ምንም አላውቅም። ልከልክላቸው?
እናት፣ ከሴንት ፖል

መልስ፦ አትከልክያቸው እህቴ፣ ግን አብረሻቸው ሂጂ። ፍርሃትሽ ያለነገር አይደለም፣ እንደ ፈረንጆቹ ከ1997 እስከ 2007 አሜሪካ ውስጥ በዓመት ከ20 ሺህ በላይ ልጆች በስሌድ ተጎድተው ኢመርጀንሲ ገብተዋል፣ ግማሽ ያህሉ የተጎዱት ደግሞ ከሆነ ነገር ጋር ተጋጭተው ነው። ስለዚ ከዳገቱ በፊት እታች ያለውን እዪ፣ ዛፍ፣ አጥር፣ የመብራት ፖል፣ ፓርኪንግ፣ መንገድ ወይ ኩሬ ካለ ዳገቱ የፈለገ ቢያምር ሌላ ቦታ ፈልጉ፣ ስሌዱ በራሱ ጊዜ ቀስ ብሎ የሚቆምበት ሰፊ ሜዳ ያስፈልጋል። ቀን ቀልጦ ማታ የረጋ በረዶ ከሆነም ያን ቀን ይቅር፣ እንደ መስታወት ነው የሚያንሸራትተው።

ልጆች በጣም የሚወዱት በደረታቸው ተኝተው ጭንቅላታቸውን አስቀድመው መውረድ ነው፣ እሱን በፍጹም እንዳትፈቅጂ። ቁጭ ብሎ፣ እግሩን አስቀድሞ፣ ሄልሜት አድርጎ ይውረድ፣ የሳይክሉም ቢሆን ከምንም ይሻላል። ስትገዢ መሪ ያለውን ግዢ፣ ያ ክቡ ፕላስቲክና እንደ ካላማዳሪ የሚነፋው ርካሽ ናቸው ግን ይሽከረከራሉ፣ ልጁ ወዴት እንደሚሄድ አያዝባቸውም። አልቆም ካለው ስሌዱን ለቆ ወደ ጎን ተንከባሎ እንዲወርድ ቀድመሽ አለማምጂው። ረጅም ስካርፍ አይልበስ፣ ስሌዱ ስር ገብቶ አንገት ያንቃል። ትንሿ ብቻዋን አትውረድ፣ ትልልቆቹ ከሚወርዱበት ራቅ ብላችሁ ትንሽ ተዳፋት ላይ ከትልቅ ሰው ጋር ትጫወት። ስሌድ መኪና ላይ አስረው የሚጎትቱ አባቶች ደግሞ አሉ፣ እባካችሁ ተዉ፣ ልጅ ይሞትበታል።

ከወደቀ በኋላ ካስመለሰው፣ ከወትሮው የተለየ እንቅልፍ ከያዘው ወይ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ 911 ደውዪ። ብዙ ወላጅ የሚዘነጋው ግን ሆድን ነው፣ ከዛፍ ጋር የተጋጨ ልጅ ከላይ ምንም ሳይታይበት ጣፊያው ሊደማ ይችላል፣ ግራ ጎኑን ወይ ግራ ትከሻውን አመመኝ ካለ፣ ፊቱ ከገረጣ፣ ይሻለዋል ብለሽ ሳታሳድሪው በዛው ወደ ኢመርጀንሲ ውሰጂው።