የድሮ ሙያችሁን ይዛችሁ ኑ

አገር ቤት ገብታችሁ ለማስተማር የምታስቡ ወገኖቼ፣ በተለይ በጎልማሳነት ሙያ የቀየራችሁ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው።

እኔ የካሴት ዘመን ሰው ነኝ። ፒያሳ ሙዚቃ አሳታሚ ነበርኩ። ዘፋኙን ከግጥምና ዜማ ደራሲው፣ ደራሲውን ከአቀናባሪው አገናኛለሁ። የስቱዲዮውን እከፍላለሁ። ካሴቱ ለእንቁጣጣሽ ወይም ለፋሲካ እንዲደርስ እሯሯጣለሁ። ከዚያ ተሰደድኩ፤ ኮምፒውተር ሳይንስ ተማርኩ፤ ብዙ ዓመት ሠራሁበት። አሁን አራት ኪሎ እኖራለሁ፤ እዚሁ መሐል ከተማ አስተምራለሁ።

ከውጭ የሚመጡ ወዳጆቼ ሲቪያቸውን ሲያሳዩኝ አንድ ነገር ያሳዝነኛል። የመጀመሪያ ሙያቸውን ሰርዘውታል። ነርስ የነበረችውም፣ ሒሳብ ሠራተኛ የነበረውም «የሶፍትዌር ባለሙያ» ብቻ ብለው ይመጣሉ። እባካችሁ አትሰርዙት። ክፍል ውስጥ ስትቆሙ የሚያግዛችሁ እሱ ነው።

ሳምፕሊንግ የሚባል ትምህርት አለ። ድምፅ ወደ ቁጥር ሲቀየር በሰከንድ ስንት ጊዜ ይለካ የሚል ነው። ደንቡ አጭር ነው፦ ልትይዙት ከፈለጋችሁት ከፍተኛ ድግግሞሽ ከእጥፍ በላይ ለኩ። ድግግሞሽ ማለት ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ነው፤ በኸርዝ ይለካል። የሰው ጆሮ እስከ 20,000 ኸርዝ ገደማ ስለሚሰማ ሲዲ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል። ተማሪው ይህን ሸምድዶ ፈተና ላይ ይጽፈዋል፣ ከዚያ ይረሳዋል። እኔ ግን የማሲንቆ ቅጂ ይዤ እገባለሁ። አንዴ በሙሉው፣ አንዴ በሰከንድ ወደ 8,000 ልኬት አውርጄ አሰማለሁ። በሁለተኛው ከ4,000 ኸርዝ በላይ ምንም አይተርፍም። ዜማው እንዳለ አለ። የጭራው ፍትጊያ፣ ያ አንጀት የሚበላው ሻካራ ድምፅ ግን ጠፍቷል። «ጋሼ፣ እስቲ ይድገሙልን» ይላሉ። ከዚያ በኋላ ደንቡን የሚረሳ ተማሪ አላጋጠመኝም።

ኮድ ውስጥ ስህተት መፈለግንም ያስተማረኝ ስቱዲዮ ነው። ቅጂው ላይ እንግዳ ድምፅ ሲገባ ትራኮቹን፣ ማለትም ለየብቻ የተቀዱትን ድምፆች፣ አንድ በአንድ ለብቻቸው እናዳምጥ ነበር፤ ጥፋተኛው እስኪገኝ። ፕሮግራምም ሲበላሽ እንደዚያው ነው።

ተማሪዎቼ ዘፈንን በቅኝት የሚለይ ፕሮግራም መሥራት ይወዳሉ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ኮዱ አይከብዳቸውም። ችግሩ ኮምፒውተሩ የሚማርበትን ዘፈን አስቀድሞ በትክክል የሚመድብ ጆሮ መገኘቱ ላይ ነው። ያ ጆሮ ያለው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ውጭ ነው።

አምሃ እሸቴን አስቡት። ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ደፍሮ የራሱን ማሳተሚያ ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1975 ግን አገር ጥሎ ወጣ። እንዲህ ያለ ሰው ሲሰደድ ሥራው ቢቀር እንኳ፣ አሠራሩን የሚያሳይ አብሮ ይሄዳል። ተተኪው ከዜሮ ይጀምራል። ይሄ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል።

የመብት ጉዳይም አለ። «ዩቲዩብ ላይ ያገኘሁት ነው» ብሎ የሰው ዘፈን አፑ ውስጥ የሚከት ተማሪ ሞልቷል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የአሳታሚውንም የዘፋኙንም መብት ለ50 ዓመት እንደሚጠብቅ ስነግራቸው ይገረማሉ። ይህን ከውል ጋር የኖረ ሰው ቢያስተምረው ይሻላል።

አሁን ስለ ወረቀቱ። ትራንስክሪፕታችሁንና ዲግሪያችሁን እዚያው እያላችሁ በኢትዮጵያ ኤምባሲ አረጋግጡ። እዚህ መጥቶ ወደዚያ መላላክ ያደክማል። የውጭ ዲግሪን አቻነት የሚመረምረው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ዜግነት ለቀየራችሁ፣ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የሚሰጠው ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ያሠራችኋል። ደመወዙን በውጭ ገንዘብ አትመንዝሩት፤ ሆድ ያስብሳችኋል። የመሐል አዲስ አበባን የቤት ኪራይ በመምህር ደመወዝ ብቻ መቻል ከባድ ነውና መኖሪያውን አስቀድማችሁ አስቡበት። ስትጀምሩ አንድ ኮርስ ብቻ ያዙ። ተማሪውንም፣ መብራቱንም፣ ኢንተርኔቱንም ልመዱት።

ፒያሳን እንደተዋችኋት አታገኟትም። በ2016 ዓ.ም. ሰፊ ክፍሏ ፈርሷል። የድሮ ሙዚቃ ቤታችሁን ፍለጋ አትንከራተቱ፤ እዚያ የተሸጠው ካሴት ዛሬ ያለው እናንተ ምድር ቤት፣ ካርቶን ውስጥ ነው። ስለዚህ ከመምጣታችሁ በፊት አንድ ሥራ ሥሩልኝ። ካሴቱን ከማጫወታችሁ በፊት ከጫፍ እስከ ጫፍ አጠንጥኑት። የማጫወቻውን ሄድ፣ ማለትም ከካሴቱ ክር ድምፁን የሚያነበውን ክፍል፣ በአልኮል ጥረጉ። ድምፁን በሚጨምቀው በኤምፒስሪ ሳይሆን እንዳለ በሚያስቀምጠው በዌቭ ቅዱት፤ 24 ቢት፣ በሰከንድ 96,000 ልኬት። የ60 ደቂቃ ካሴት 2 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ አይብዛባችሁ። የካሴቱን ሽፋን ፎቶ አንሱ። የዘፋኙን ብቻ ሳይሆን የአቀናባሪውንና የተጫዋቾቹን ስም በፊደላችን ጻፉ። ሽፋኑ ላይ ከሌለ እናትና አባታችሁን ጠይቁ። ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጡና አንዱን ይዛችሁልን ኑ።