የሄንሪ ክራቪስ ሀብት ከየት መጣ? ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ድርጅቶችን ገዝቶ መልሶ የሚሸጠው የአሜሪካ ኢንቨስትመንት ኩባንያ የኬኬአር መሥራች ስለሆነው ስለ ሄንሪ ክራቪስ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎርፏል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰውዬው ከድህነት ነው የተነሳው?

መልስ፦ አይደለም። በ1944 ተልሳ፣ ኦክላሆማ ተወለደ። አባቱ በነዳጅ ሥራ የታወቁ መሐንዲስ ነበሩ። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ቤር ስተርንስ የተባለ የኢንቨስትመንት ባንክ ገባ። በ1976 ከአለቃው ከጀሮም ኮልበርግና ከዘመዱ ከጆርጅ ሮበርትስ ጋር ወጥተው ኬኬአርን መሠረቱ።

ጥያቄ፦ ኩባንያ የሚገዙት በማን ገንዘብ ነው?

መልስ፦ ባብዛኛው በሌላ ሰው። አንዱ ምንጭ የሠራተኞች የጡረታ ፈንድ ነው። በ1981 ፍሬድ ማየር የተባለውን የሱቆች ድርጅት ሲገዙ የኦሪገን ግዛት የጡረታ ገንዘብ ገብቶበታል። ሌላው ብድር ነው። አንድ ድርጅት በ100 ሚሊዮን ተገዛ እንበል፤ 30 ከፈንዱ፣ 70 ከብድር። ድርጅቱ ከገቢው 20 ሚሊዮን ዕዳ ከፍሎ በ150 ቢሸጥ፣ ቀሪው 50 ዕዳ ተከፍሎ 100 ይተርፋል። 30ው 100 ሆነ ማለት ነው።

ልብ በሉ፣ ባለዕዳው የተገዛው ድርጅት ነው። ክራቪስ ቤቱን አላስያዘም። ስለዚህ አንድ ግዢ ሲወራ እኔ መጀመሪያ የማየው ዋጋውን ሳይሆን ዕዳው ማን ላይ እንደወደቀ ነው።

ጥያቄ፦ ሀብታም ያደረገው አርጄአር ናቢስኮ የተባለውን ድርጅት መግዛቱ ነው?

መልስ፦ ስም አተረፈለት፤ ገንዘብ ግን ብዙም አላተረፈለትም። በ1988 መጨረሻ የሲጋራና የብስኩት አምራቹን ለመግዛት ከራሱ ከድርጅቱ ኃላፊ ከሮስ ጆንሰን ጋር ተፎካከሩ። ጆንሰን ለአንድ አክሲዮን 112 ዶላር ሲያቀርብ ክራቪስ ያቀረበው 109 ነበር። ቦርዱ ግን 109ኙን መረጠ፤ አከፋፈሉ ይበልጥ አስተማማኝ ሆኖ ስላገኘው። ጠቅላላው 25 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ዕዳው ግን አላላውስ አለ፤ ኬኬአር በ1995 ይህ ነው የሚባል ትርፍ ሳያገኝ ወጣ።

ጥያቄ፦ ሠራተኛን ያስለቅሳሉ ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ቶይስ አር አስን እዩ። በ2005 ኬኬአርና ሌሎች ሁለት የኢንቨስትመንት ድርጅቶች፣ ቤይን ካፒታልና ቮርናዶ፣ አሻንጉሊት ሻጩን በ6.6 ቢሊዮን ዶላር ገዙት፤ አብዛኛው ብድር ነበር። ወለዱ ሱቆቹ የሚታደሱበትን ገንዘብ በላው። በ2018 የአሜሪካ ሱቆች ሲዘጉ ከ30 ሺህ በላይ ሰው ያለ ስንብት ክፍያ ተበተነ። ሠራተኞቹ ከጮኹ በኋላ ኬኬአርና ቤይን 20 ሚሊዮን ዶላር አዋጡ። ለእኔ ይህ በጣም ዘግይቷል፤ በጣምም ያንሳል።

ሌላም ገጽ አለው። በ2015 የጋራዥ በር የሚሠራውን ሲ.ኤች.አይ. ሲገዙ ለሠራተኛው ሁሉ ድርሻ ሰጡ። በ2022 ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር ሲሸጥ 800 ሠራተኞች በአማካይ 175 ሺህ ዶላር ደረሳቸው። በር የሚገጣጥመው ሰው ጭምር! ይህን አሠራር ከልቤ እደግፋለሁ።

ጥያቄ፦ ኢትዮጵያም ገብተው ነበር?

መልስ፦ አዎ፣ ዝዋይ። በ2014 ጽጌረዳ አምራቹ አፍሪፍሎራ ሼር ላይ 200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አፈሰሱ። ለኬኬአር በአፍሪካ የመጀመሪያው ቀጥተኛ ኢንቨስትመንት ነበር። በ2017 ድርሻቸውን ለመሥራቹ የሆላንድ ቤተሰብ መልሰው ሸጠው ወጡ።

ጥያቄ፦ አሁንስ እሱ ነው የሚመራው?

መልስ፦ ከ2021 ጀምሮ የዕለት ተዕለቱን ሥራ ጆ ቤይና ስኮት ናታል ተረክበዋል። እሱና ሮበርትስ የቦርድ ሊቀመንበርነቱን ያዙ።