ስለ ጭነት መኪና ሥራ ጠይቁኝ፦ ናፍጣ፣ ታሪፍ፣ ጅቡቲ መስመር

ኤንትሬ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በጅቡቲ መስመር መጀመሪያ በሹፌርነት፣ በኋላ በባለንብረትነት ሠርቻለሁ። አሁን ለገሃር አካባቢ የአንድ ማኅበር ሒሳብ እይዛለሁ። ዛሬ ማታ ጠይቁኝ። አደራ፣ «ያዋጣል ወይ?» ብላችሁ ብቻ አትጻፉ። የመኪናውን ዓይነት፣ መስመሩንና የሚጭነውን ዕቃ ጨምሩ።

የመርካቶ ልጅ፦ ጋሼ፣ የጭነት ሥራ አሁን ያዋጣል?

ኤንትሬ፦ ከላይ ምን አልኩ?

ሳሚ ሶማሌ ተራ፦ እኔ በዝርዝር ልጠይቅዎት። ከነተሳቢው 400 ኩንታል የሚጭን መኪና ነው። መስመሩ ጅቡቲ–አዲስ አበባ። ናፍጣ ከጨመረ ወዲህ ሒሳቡ እንዴት ይሠራል?

ኤንትሬ፦ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። ወረቀት ያዙ። በገላፊ ድንበር በኩል ደርሶ መልሱ 1,800 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ሲጭንም ባዶውንም አማክለን በአንድ ሊትር 2 ኪሎ ሜትር እንያዝለት። 900 ሊትር ይፈጃል። ሐምሌ 2014 ላይ፣ ድጎማው መነሳት ሲጀምር፣ ናፍጣ በሊትር 49 ብር ከ02 ሳንቲም ገባ። ለዙሩ 44,118 ብር ማለት ነው። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ሆነ። ያው ዙር 89,082 ብር። ከዚያም ወዲህ ጨምሯል፤ በዛሬው ዋጋ እናንተ አባዙት። ያኔ ድጎማ የተተወው ለሕዝብ ትራንስፖርት ነበር። ለእኛ አልነበረም።

አሁን ዋናው ነገር። ሰው ሁሉ ናፍጣ ላይ ያፈጣል። መኪና ካልተንቀሳቀሰ ናፍጣ አይፈጅም፤ የባንክ ወለድ፣ ኢንሹራንስና ደመወዝ ግን ይቆጥራል። ወደብ ላይ ወረፋ አለ፣ ጉምሩክ አለ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ማራገፊያ መጠበቅ አለ። በወር 3 ዙር የሠራና 2 ዙር የሠራ መኪና የባንክ ክፍያቸው እኩል ነው። የቆመበትን ቀን ጻፉ!

ሌላው ባዶ መውረድ ነው። አገሪቱ የምታስገባው ከምትልከው በጣም ይበልጣል። ቡናና ሰሊጡ ለሁሉም መኪና አይዳረስም። ስለዚህ ብዙው ወደ ጅቡቲ ባዶውን ይወርዳል። ደላላ «በኩንታል ይሄን ያህል» ሲላችሁ በ400 አባዙና ለደርሶ መልሱ 1,800 ኪሎ ሜትር አካፍሉ። ለመምጫው 900 ብቻ ያካፈለ ሰው ትርፍ ያገኘ ይመስለዋል። ጎማ ሲቀይር ነው የሚነቃው።

ሄለን ልደታ፦ ጎማ ካነሱ አይቀር፣ ለምን እንዲህ ጨመረ?

ኤንትሬ፦ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የዶላር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። ከዚያ በፊት ባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። ጎማና መለዋወጫ የሚመጣው በዶላር ነው።

ሳሚ ሶማሌ ተራ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። እኛ ሰፈር ድሮም ማንም በባንክ ዋጋ አይሸጥም ነበር። መለዋወጫው በጥቁር ገበያው ዶላር ነው የሚተመነው። የባንኩ ያህል አልዘለለም።

ኤንትሬ፦ ለመለዋወጫ ልክ ነህ። በባንክ ፈቃድ ለሚመጣ አዲስ መኪና ግን ጭማሪው ሙሉ በሙሉ አርፎበታል። ለዚህ ነው አሮጌው መኪና ከመንገድ የማይወጣው።

ባቡር ይሻላል፦ ይሄ ሁሉ ጣጣ በባቡር ያልቅ ነበር። መስመሩ ከተመረቀ ከ2009 ጀምሮ እኮ አለ። 750 ኪሎ ሜትር በኤሌክትሪክ!

ሚሌ ኬላ፦ ወንድሜ፣ ባቡሩ አዲስ አበባ ዳር እንዶዴ ጣቢያ ያራግፋል። ከዚያ መርካቶ ማን ያምጣው? አንተ ትሸከመዋለህ?

ባቡር ይሻላል፦ ለአጭሩ መንገድ መኪና ይበቃል። 900 ኪሎ ሜትር ግን…

ኤንትሬ፦ ባቡርና መኪና ማፋጠጥ ትታችሁ ጥያቄ ጠይቁ።

ሄለን ልደታ፦ ናፍጣ በቴሌብር መሆኑ ለባለንብረት ጠቅሟል?

ኤንትሬ፦ በጣም። መቼ፣ የት፣ ስንት ሊትር እንደተቀዳ ታያለሽ። ከሹፌር ጋር የነበረው ንትርክ ቀንሷል።

ሚሌ ኬላ፦ ቆይ እንጂ ጋሼ! ሹፌሩን ሌባ አደረጉት እኮ። ማደያ ሲደርቅ በጀሪካን ከጥቁር ገበያ የምቀዳው እኔ ነኝ። ደረሰኝ ከየት ላምጣ? በዚያ ሙቀት ወረፋ ስጠብቅ አበሌ ያልቃል፤ ባለንብረቱ ግን «የት ገባህ?» ብሎ ይደውላል።

የጎማ ተራ፦ እውነቱን ነው። ባለንብረቱ የሚያውቀው ስልኩን ብቻ ነው።

ሄለን ልደታ፦ እኔ ባለንብረት ነኝ፣ እንደዚያ አላደርግም።

ኤንትሬ፦ ሌባ አላልኩም። በጀሪካን ሲቀዳ ቀኑን፣ ቦታውንና ዋጋውን ወዲያው በመልእክት ይላክ። የመቆያ አበልም ከጉዞ በፊት ይፈረም። የቆመበትን ቀን ጻፉ የምለው ለሹፌሩም ነው፤ መብቱን የሚያስከብርለት ያ መዝገብ ነው።

አቤል ሜክሲኮ፦ ባንክ ለመኪና ብድር ለምን እምቢ ይላል?

ኤንትሬ፦ ነሐሴ 2015 ላይ ብሔራዊ ባንክ የብድር ዕድገትን በዓመት 14 በመቶ ላይ ገደበው። በኋላ አላልቶታል። ባንክ ግን ፈጣን ተመላሽ ያለበትን ይመርጣል።

አቤል ሜክሲኮ፦ የማዳበሪያ ሰሞንስ?

ኤንትሬ፦ የማዳበሪያ መርከብ ጅቡቲ ሲገባ የመኪና ስምሪቱ (ምደባው) ለማዳበሪያ ቅድሚያ ይሰጣል። የራስህ ደንበኛ ጭነት ይጠብቃል። ደንበኛህን ቀድመህ አስጠንቅቅ። ውል ላይም አስገባው።

የጎማ ተራ፦ በመንገድ ላይ ስለሚታገቱ ሹፌሮች ምን ይላሉ?

ኤንትሬ፦ እዚህ አልገባበትም። ከመነሳትህ በፊት መንገዱን ሲመላለሱበት ከሰነበቱት ሹፌሮች ጠይቅ። ጭነት ይቀራል፣ ሰው አይተካም።

ዮኒ፦ ሰላም፣ አሁን ገባሁ። የጭነት መኪና ብገዛ ያዋጣኛል?

ሳሚ ሶማሌ ተራ፦ ኧረ ዮኒ፣ ከላይ አንብብ!

ዮኒ፦ እሺ። ኤፍ ኤስ አር ነው፣ መካከለኛው የኢሱዙ ጭነት መኪና። ከሞጆ ወደ መርካቶ የሱቅ ዕቃ።

ኤንትሬ፦ ተሻሻልክ። ለከባድ መኪና መሀል ከተማ በቀን የመግቢያ ገደብ አለ። የምታራግፈው ማታ ነው። ተቀባዩ ሌሊት መጋዘን ይከፍታል? ወዛደሩን ማን ይከፍላል? ይሄን ከነጋዴው ጋር ሳትጽፍ መኪና አትግዛ። መርካቶ ውስጥ አንድ ሌሊት ተገትረህ ካደርክ የነገው ዙር ሄደ። የቆመበትን ቀን ደግሞ…

ሚሌ ኬላ፦ …ጻፉ! ገብቶናል ጋሼ።

ኤንትሬ፦ ከገባችሁ ጥሩ። ዮኒ፣ የነጋዴውን መልስ ይዘህ ና፤ ሒሳቡን አብረን እንሠራዋለን። ሄለን፣ ያንቺን የመድን ጥያቄ በውስጥ መስመር አይቼዋለሁ፣ ነገ እመልስልሻለሁ።