ድንጋዩ ላይ ዘይት ከማፍሰሳችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት አዘዞ አካባቢ አንድ አዲስ ቤት ገብቼ ነበር። የወጥ ቤቱን ግራናይት የገጠመው ወጣት ሥራውን አሳምሮታል። መጋጠሚያው ፀጉር አያስገባም፤ ጠርዙ እጅ ላይ ይንሸራተታል። ላዩን ስዳስሰው ግን ጣቴን ያዝ አደረገኝ። «ምን ቀባኸው?» አልኩት። «የኑግ ዘይት ነው ጋሼ፤ እንዲያበራ ብዬ» አለኝ። አልተቆጣሁትም። እኔም በሱ ዕድሜ እንዲሁ አድርጌያለሁ።

ሐሳቡ ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። ሁላችንም እናቶቻችን ምጣድ ሲያሟሹ እያየን ነው ያደግነው። ምጣዱ ይግላል፤ የተፈጨ ጎመን ዘር ይነሰነስበታል፤ በጨርቅ ይታሻል፤ እንደገና ይታሻል። በመጨረሻ ጠቁሮ ያብረቀርቃል፤ እንጀራውም አይዝም። ድንጋይም እንደዚያ የሚሟሽ ይመስለናል። ምጣድ ግን ሸክላ ነው፤ ከሥሩም እሳት አለ። ዘይቱን ጠንካራ ሽፋን የሚያደርገው ያ ሙቀት ነው። ግራናይቱ ላይ የቀባችሁት የኑግ ወይም የተልባ ዘይት እሳት አያገኝም። አየር እየነካው ቀስ በቀስ ይወፍራል፤ ሳይደርቅ ሳይረጥብ መሃል ላይ ይቀራል። አቧራ ይሰበስባል፣ ይሸታል። የተልባው ደግሞ ቢጫ ይሆናል።

ገና ጀማሪ ሳለሁ የአንድ ምግብ ቤት ባንኮኒ በተልባ ዘይት አሸሁ። የዚያን ዕለት መስታወት ነበር። ወር ሳይሞላ ባለቤቱ አስጠሩኝ። የብርጭቆው ክብ ሁሉ ታትሞበታል። ደረሰኝ ቢያስቀምጡበት ተጣብቆ ይቀደዳል። ሁለት ቀን ሙሉ በቲነር ስፈቀፍቅ ዋልኩ። ሰውየው አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ ዝምታቸው እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ተልባ ከተነሳ አይቀር አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዘይቱ የነካውን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ አትጣሉ። የተልባ ዘይት አየር ሲያገኘው ይሞቃል። ሙቀቱ በተጠቀለለ ጨርቅ ውስጥ መውጫ ካጣ ክብሪት ሳይነካው እሳት ሊነሳ ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት። እንጨት የምትሠሩም ይህን አትርሱ።

ታዲያ ምን እንቀባ? እሱን ድንጋዩ ራሱ ይነግራችኋል። ግራናይት ከምድር ውስጥ ቀልጦ ቀስ ብሎ የረጋ ድንጋይ ነው። ኳርትዝ፣ ፌልድስፓርና ሚካ የሚባሉት ማዕድኖቹ ተቆላልፈው ይታያሉ፤ በመሃላቸው ግን ዓይን የማያየው ቀዳዳ አለ። የወጡ ቅባት የሚገባው በዚያ ነው። (የፋሲል ግንብም ግራናይት የሚመስላቸው ልጆች ገጥመውኛል። አይደለም። እሱ በኖራ የተያያዘ ባዛልት ነው፤ ጠባዩም ሌላ ነው።)

ንጹሕና ደረቅ ቦታ ላይ አንድ ማንኪያ ውሃ አፍስሱ። ሰዓት ያዙ። 10 ወይም 15 ደቂቃ ቆዩና ጥረጉት። ከሥሩ ጠቁሮ ከጠበቃችሁ ድንጋዩ ይጠጣል፤ መከላከያ ያስፈልገዋል። ካልጠቆረ ተዉት። ደንበኛው «ቀባልኝ» ቢላችሁም ውሃውን አሳይታችሁ አስረዱት። ብዙዎቹ ጥቁር ድንጋዮች ውሃ አይጠጡም ማለት ይቻላል። እነሱ ላይ መከላከያ ብታፈሱ መግቢያ ያጣና ላያቸው ላይ እንደ ጭጋግ ይደርቃል።

ጥቁር ስትገዙ ደግሞ ነጭ ጨርቅ አሴቶን (ቀለምና ቅባት የሚያሟሟ ፈሳሽ) ነክራችሁ አንዱን ጥግ እሹት። ጨርቁ ከጠቆረ ድንጋዩ ቀለም ወይም ቅባት ተቀብቷል፤ ከሥሩ ግራጫ ነው። ቁራጭ ካገኛችሁ ሎሚ ጠብ አድርጉበት። ትንሽ ቆይቶ ቦታው ከፈዘዘ ግራናይት ተብሎ የተሸጠላችሁ እብነ በረድ ሊሆን ይችላል።

ለሚጠጣ ድንጋይ የሚሆነው መከላከያ ወደ ውስጥ የሚሰርገው ሲለር ነው። ገበያ ላይ ሁሉም «ዘይት» ይባላል፤ እናንተ ግን የቆርቆሮውን ጀርባ አንብቡ። ሲላን ወይም ሲሎክሳን የሚባል ኬሚካል ብቻ ያለበት ውሃን በደንብ ይመልሳል፤ ለቅባት ግን ይደክማል። ስሙ በ«ፍሎሮ» የሚጀምር ኬሚካል ያለበት ቅባትንም ይመልሳል። ዋጋው ከፍ ይላል። በየበዓሉ ንጥር ቅቤ የሚፈስበት የጎንደር ወጥ ቤት ውስጥ ግን እኔ ሁልጊዜ ፍሎሮ ያለበትን ነው የምመርጠው። ለመታጠቢያ ቤት የመጀመሪያው ይበቃል። ከድፍድፍ ነዳጅ የሚወጣውና የማይሸተው ነጭ ዘይት ለጊዜው ያጠቁራል፤ በሳሙና ታጥቦ ይሄዳል፤ ደጋግሞ መቀባት ይፈልጋል። ለደንበኛ አልመክረውም። ማብራት ከፈለጋችሁ ደግሞ እሱ የፖሊሽ ሥራ ነው። ሲለር ድንጋይ አያበራም።

አቀባቡ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት በችኮላ ነው። ድንጋዩ ታጥቦ ቢያንስ አንድ ቀን ይድረቅ፤ ክረምት ከሆነ ሁለትና ሦስት ቀን ጠብቁ። መስኮት ክፈቱ፣ ጓንት አድርጉ፣ ምድጃ አጥፉ። ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ጠብቁና ያልገባውን በደረቅ ጨርቅ ጨርሳችሁ ጥረጉ። ይህን ጠረጋ አደራ እላችኋለሁ። የተረፈው ላዩ ላይ ከደረቀ ጭጋጉን ለማስለቀቅ ከመቀባቱ በላይ ትደክማላችሁ። ከዚያ 24 ሰዓት ውሃ አይንካው። ለቤቱ እመቤትም በረኪናና ኮምጣጤ እንዳይጠቀሙ ንገሯቸው፤ ለብ ያለ ውሃና ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይበቃል።

ቅቤ ቀድሞ ከገባስ? ቤኪንግ ሶዳ በአሴቶን እንደ ገንፎ ለውሱና እድፉ ላይ ጫኑት። በላስቲክ ሸፍናችሁ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፉ። በማግስቱ ግለጡት፤ ዱቄቱ ሲደርቅ ቅባቱን ስቦ ያወጣል። አንድ ጊዜ አይበቃም። ሦስት ጊዜ ደግሜ የለቀቀልኝ አለ።

የአዘዞው ልጅ ትናንት ደወለልኝ። ቅዳሜ በጠዋት አብረን ልንሠራው ተቀጣጥረናል። ነጭ ጨርቅ እሱ ያመጣል፤ አሴቶኑን እኔ እይዛለሁ። ሲለሩን ከመክፈታችን በፊት የውሃውን ማንኪያ የሚይዘው እሱ ነው።