ጥሩሩን ይተዉት፣ አንገቱን ይመልከቱ

ጠያቂያችን እንግሊዝ አገር ከአንድ የገጠር ጨረታ የገዙትን፣ የብረት ጥሩር የለበሰ ጌታ የሚታይበትን አሮጌ ሥዕል ፎቶ ልከው «ፍሬሙ ላይ ያለው የናስ ሰሌዳ በ1643 እ.ኤ.አ. በእርስ በርስ ጦርነት የተገደለ የንጉሥ ቻርልስ መኮንን ነው ይላል፤ ልመነው?» ብለው ጠይቀዋል። ለንደን ውስጥ አሮጌ ሥዕል በሚጠገንበት ቤት ለዓመታት ስለሠራሁ የማውቀውን ልንገርዎ።

አይመኑት። እንዲህ ያሉ ሰሌዳዎች ብዙውን ጊዜ ሥዕሉ ከተሠራ ከብዙ ዘመን በኋላ የተመቱ ናቸው። ስምና ጀግንነት ያለው ሥዕል ከስም የለሹ ይልቅ ገዢ ያገኛላ!

ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ጥሩሩ ላይ ነው፤ የሚያታልለውም እሱው ነው። ሙሉ ጥሩር ከጦር ሜዳ ከጠፋ በኋላም የእንግሊዝ መኳንንት እስከ 18ኛው ምዕተ ዓመት ድረስ ብረት ለብሰው ይሣሉ ነበር። ድሮ ፎቶ ቤቶቻችን ለደንበኛ ኮትና ክራቫት ያውሱ እንደነበረው፣ ጥሩሩም የሠዓሊው ንብረት ሊሆን ይችላል። በዚያ ዘመን በትልልቅ ሠዓሊዎች ቤት ዋናው ሠዓሊ ፊቱን ይሠራና ልብሱን ረዳቶች ይሞሉት ነበር። አቋቋሙም ቢሆን ይወረሳል፦ ሠዓሊው ሮበርት ዎከር በዚያ ጦርነት የንጉሥ ቻርልስ ባላጋራ የነበረውን ክሮምዌልን በጥሩር ሲሥለው አቋቋሙን የቀዳው ከቫን ዳይክ፣ ማለትም ክሮምዌል ካስገደለው ንጉሥ የቤተ መንግሥት ሠዓሊ ነበር።

ፊትና አንገት ግን የተሣለው ሰው የራሱ ናቸው። በፎቶዎ ላይ የሚታየው ፀጉር ዊግ ነው፤ መሃሉ ተከፍሎ ግራና ቀኝ ሽቅብ ተቆልሏል። ይህ የ1690ዎቹና የ1700ዎቹ መጀመሪያ ፋሽን ነው። ከአገጩ ሥር ያለው ነጭ ሻሽም ተጠማዝዞ ጫፉ ተወሽቋል፤ ስቴንከርክ የሚባለው አስተሳሰር ነው፣ ስሙን ያገኘው በ1692 ከተደረገው ውጊያ ነው። በ1643 የሞተ መኮንን ቢሆን ኖሮ የገዛ ፀጉሩን ለቆ፣ ትከሻው ላይ ሰፊ የዳንቴል አንገትጌ ዘርግቶ ባየነው ነበር። ሟቹ ከሞቱ ግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የመጣ ፋሽን ከየት አምጥተው ለበሱት?

ወታደር ነበር ወይ ለሚለው፣ ጥሩር ብቻውን አያስረዳም። የአዛዥ በትር ቢይዝ፣ ከኋላው ጭስና ፈረሰኛ ቢታይ ግምቱ ይጠነክር ነበር፤ የእርስዎ ሥዕል ጀርባ ግን ጨለማ ብቻ ነው።

አሁን ሸራውን ይለኩ። 76 በ63 ሴንቲሜትር ገደማ ከሆነ እንግሊዞች ለራስና ለደረት ምስል የለመዱት መጠን ነው፤ ከዚያ የወጣ እንግዳ ልክ ከሆነ ግን ከትልቅ ሥዕል ተቆርጦ ይሆናልና ጠርዙን በደንብ ይዩ። ቫርኒሹ ቢጫ ሆነ ብለው በድንች ወይም በእርጥብ ጨርቅ እንዳይፈትጉት፣ አደራ! ጠጋኝ ዘንድ በአልትራቫዮሌት መብራት ያሳዩት፤ አሮጌ ቫርኒሽ አረንጓዴ መስሎ ሲያበራ፣ በላዩ የተጨመረ ቀለም ጠቁሮ ይወጣል። ከዚያ ከፊትም ከኋላም ፎቶ አንሥተው ወደ ለንደን ብሔራዊ የቁም ሥዕል ሙዚየም ሃይንዝ መዝገብ ቤት ይሂዱ፤ የእንግሊዝ የቁም ሥዕሎች ፎቶ በብዛት ተሰብስቦ የሚገኘው እዚያ ነው። ፍለጋውን በሰሌዳው ስም ሳይሆን በ1690ዎቹ ሠዓሊዎች ይጀምሩ።